የጎማው ታምቡርና የጆሮው ታምቡር

ሌሊቱን ዝናብ ሲያወርድ ያደረው የደሴ የክረምት ሰማይ ጎህ ሲቀድ ገና ጉሙን አልሰበሰበም። የጦሳ ተራራ አናቱን ተከናንቧል። "ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው!" እያሉ ከመናኸሪያው የሚነሡት የመጀመሪያዎቹ ሚኒባሶች ፍሬን በያዙ ቁጥር ከኋላ ጎማቸው ሻካራ ድምፅ ይወጣል፤ ጥላሸት የያዘ ድስት በአሸዋ ሲፈተግ ይመስላል። ተሳፋሪው ልብ አይለውም። ሾፌሩም አይደነግጥም፤ ሦስት አራት ጊዜ ሲይዝ እንደሚጠፋ ያውቃል። የብረቱ ታምቡር በእርጥበት ሲያድር ውስጡ ስስ ዝገት ያበቅላል፤ ጠዋት ሸራው ያንን ፍቆ ያነሣለታል። ሾፌሩ ጆሮውን የሚጥለው ለሌላ ድምፅ ነው፤ ከሐረጎ ቁልቁለት በታች፣ ሙቀቱና አቧራው ከጀመረ በኋላ ለሚመጣው።

ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንዷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቅላ ጋቢ ታስደርባለች፤ ሌላዋ 1,850 ሜትር አካባቢ የቦርከናን ወንዝ ሜዳ ይዛ ኮት ታስወልቃለች። በመካከላቸው ሐረጎ አለ። ከ600 ሜትር በላይ የሆነው ቁልቁለት በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን ተራራ ይዞ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። የመኪና ፍሬን ልፈትን ብሎ የተነሣ መሐንዲስ ከዚህ የተሻለ ቦታ ቢፈልግ አያገኝም። ማንም አስቦበት ባይሆንም መንገዱ ራሱ ዘጠና ዓመት ገደማ ይህንኑ ሲሠራ ኖሯል። ሾፌር አስተምሯል፣ መካኒክ አሠልጥኗል፣ ያልሰማውንም ቀጥቷል።

ከቃሉ ቢጀመር ነገሩ ይቀልላል። ፈረንሳዮቹ "ፍሬን"፣ ጣሊያኖቹ "ፍሬኖ" የሚሉት ቃል ከአንድ የላቲን ቃል የወጣ ነው፤ ትርጉሙም ልጓም። ለወሎ ሰው ደግሞ ስለ ልጓም አያያዝ ማንም አይነግረውም። የወሎው ገዥ የንጉሥ ሚካኤል ፈረሰኛ በአድዋ ዘመቻም ከዚያ በኋላም ስሙ የገነነ ጦር ነበር። ስለዚህ መኪናን ልጓም አበጁለት ቢባል ደሴ ላይ የሚገርመው ሰው አይኖርም ነበር፤ እንግዳው ቃሉ ብቻ ነው። ታምቡርም እንዲሁ ነው። ጣሊያኖች "ታምቡሮ" ሲሉ ከበሮ ማለታቸው ነው። ከጎማው ጋር አብሮ የሚሽከረከር፣ ድስት የመሰለ የብረት ከበሮ። በሆዱ ውስጥ ጨረቃ የመሰሉ ሁለት ጎባጣ ብረቶች ሸራ ለብሰው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይት ገፍቷቸው ይከፈቱና የታምቡሩን ግድግዳ ከውስጥ ተጭነው ይይዛሉ፤ ሲለቀቅ ሞላ መልሶ ይሰበስባቸዋል። ሉዊ ሬኖ በ1902 እ.ኤ.አ. በመኪናዎቹ ላይ ካስገባው ወዲህ፣ ዘይቱ በኋላ ቢጨመርም፣ ዘይቤው ብዙም አልተለወጠም።

አማርኛ ያንኑ ቃል ለሌላም ነገር ወስዶታል፦ የጆሮ ታምቡር። የጎማው ታምቡር ሁልጊዜ ተከድኖ የሚሠራ ነገር ነው፤ ጎማ ተፈትቶ፣ ክዳኑ ወልቆ ካልሆነ ውስጡን ማየት አይቻልም። ከዚያ በፊት መካኒኩ ያለው መሣሪያ ጆሮው ብቻ ነው።

መኪና ወደ ደሴ ከጣሊያን በፊትም ይመጣ ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጦር ሰፈራቸውን ደሴ ላይ ሲያደርጉ ከአዲስ አበባ የሚመጣው 400 ኪሎ ሜትር መንገድ ድንጋይና ጭቃ የተፈራረቁበት ጥርጊያ ነበር። ወሬ ፍለጋ የመጡት የውጭ ጋዜጠኞች በጭነት መኪና ተንገጫግጨው ደረሱ፤ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዎ ከነሱ አንዱ ነበር። ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ። ሚያዝያ 7 ቀን ደግሞ ጦሩ ራሱ ገባ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለሐረጎ ታሪክ ትልቅ ነገር ነው። የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ከ1,700 የሚበልጡ ተሽከርካሪዎች ሰብስቦ ሚያዝያ 18 ቀን ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። "የብረት ቆራጥነት ጉዞ" ብለው ሰየሙት። ብረቱንም ቆራጥነቱንም ጣርማበር ተራራ ላይ ጭቃ ያዛቸውና መኪናውን በሰው ጉልበት እስከ መግፋት ደረሱ፤ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው። የታሪክ መጻሕፍት የሚያወሩት ስለ ጣርማበሩ አቀበት ነው። ግን ያ ሁሉ መኪና ገና ጉዞውን ሲጀምር መጀመሪያ የገጠመው ቁልቁለት ነበር። ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪ በአንድ ሰሞን፣ ሙሉ ጭነት ይዞ፣ ፍሬን እያፋጨ ሲወርድ የሐረጎ ገበሬ ምን እንደሰማ የጻፈ የለም። መጻፍ የነበረበት ግን እሱ ይመስላል።

በአምስቱ የወረራ ዓመት ጣሊያን መንገዱን አሠራ። ከአስመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚደርሰው አውራ ጎዳና ተዘረጋ፤ ጣርማበር ላይ 600 ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ ተፈለፈለ፤ ከአሰብ ወደብ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በባቲ በኩል የሚወጣው መንገድም ተጨመረ። ሁለቱ የሚገናኙት ኮምቦልቻ ላይ ነው። ኮምቦልቻን ኮምቦልቻ ያደረጋት ይህ መጋጠሚያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ በብርጋዴር ዳን ፒናር አዛዥነት ከደቡብ መጥቶ የኮምቦልቻን መተላለፊያ ሲያጠቃ ጣሊያኖች ከላይ ከተራራው ላይ ሆነው በመድፍ ተከላከሉ፤ በዚያው ወር ደሴ እጇን ሰጠች።

ጦሩ ሄደ፣ መኪናው ቀረ። ሁሉም ጣሊያን አልሄደም፤ ጋራዥ ከፍተው፣ ቶርኖ ተክለው በየከተማው የቀሩ ነበሩ። በነሱ ሥር ብሎን ሲያቀብሉ የዋሉ ኢትዮጵያውያን ልጆች ሙያውን ከነቃሉ ወረሱ። ዛሬም የደሴ ጋራዥ ውስጥ ያለ ልጅ ሳያውቀው ግማሽ ቀን ጣሊያንኛ ሲያወራ ይውላል፦ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ሞላ፣ ጎሚኒ፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ጎማ።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። የዕቃው ስም በአብዛኛው ጣሊያንኛ ሲሆን የብልሽቱ ድምፅ ስም ግን አንድም ሳይቀር አማርኛ ነው። ፍሬኑ ሲጢጥ ይላል፣ ያፏጫል፣ ይፋጫል፣ ይንቋቋል፣ ያጓራል፣ ያቃስታል። ጣሊያኑ ዕቃውን ሲያስተምር በጣቱ እያሳየ ስሙን ነገረ፤ ድምፁን ግን ልጁ ራሱ ሰማውና በእናቱ ቋንቋ ሰየመው። ግሶቹም የተወሰዱት ከቤትና ከከብት ነው። "ያጓራል" የበሬ ነው፣ "ያቃስታል" የታመመ ሰው ነው፣ "ሲጢጥ ይላል" የበር ማጠፊያ ነው። በነዚህ ግሶች መካከል ያለው ልዩነት ለመካኒክ የገንዘብ ነው፤ አንዱ ባለ አምስት ደቂቃ ጽዳት፣ ሌላው ባለ ብዙ ሺህ ብር ታምቡር።

"ሸራ" የሚለው ስምም የራሱ ጉዳይ አለው። በእንግሊዝ አገር ደርቢሺር የሚባለው ተራራማ አውራጃ ውስጥ ኸርበርት ፍሩድ የተባለ ሰው ነበር። ጋሪ ነጂዎች ቁልቁለት ሲገጥማቸው የፍሬኑ እንጨት እየተንሸራተተ ሲያስቸግራቸው አሮጌ ጫማ ጣል ያደርጉበት እንደነበር አየ ይባላል። በ1897 እ.ኤ.አ. በዚያ ሐሳብ ፋብሪካ ጀመረ፤ የስሙን ፊደላት አገላብጦ አንድ ፊደል ጨምሮ "ፌሮዶ" የሚል የንግድ ስም አወጣ። መጀመሪያ የሠራቸው የፍሬን ልባሶች ሙጫ ጠጥቶ የደረቀ የጥጥ ጨርቅ ነበሩ፤ ጥጡ በሙቀት ሲያርር ጊዜ በአስቤስቶስ ተተካ። ዛሬ ያለው ልባስ ጨርቅ የሚመስል ነገር የለውም፤ ተጨምቆ የደረቀ ዱቄት ነው። በአማርኛ ግን እስከ ዛሬ ሸራ ነው። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው የረሱትን ነገር የደሴ መለዋወጫ ሱቅ በየቀኑ "የኋላ ሸራ አለህ?" ሲባል ያስታውሳል። በነገራችን ላይ ፌሮዶም የተወለደው ሜዳ ላይ አይደለም። ፍሬን የቁልቁለት ልጅ ነው።

አውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቁሞ መንገዱን መጠገን ከጀመረ በኋላ የአሰብ መስመር ደራ። ያን ዘመን የገዛው ፊያት 682 ነበር፤ ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራ፣ ጣሊያኖቹ ራሳቸው "የአፍሪካ ንጉሥ" ያሉት መኪና። ሦስተኛው ዓይነት በእኛ አገር "ኤንትሬ" ተባለ። ተሳቢ ጎትቶ፣ ከአሰብ ጨውና ነዳጅ ጭኖ፣ በኮምቦልቻ አልፎ ሐረጎን በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ሲያዘግም ሩቅ ይሰማ ነበር። አቀበቱ ሞተር ይፈትናል። የሚያስፈራው ግን መውረዱ ነው።

ለምን እንደሚያስፈራ በቁጥር ማየት ይቻላል። አሥር ቶን የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ሲወርድ ሞተሩ ምንም ባያግዝ፣ ፍሬኖቹ ወደ ሙቀት መለወጥ ያለባቸው ጉልበት ስምንት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውኃ አፍልቶ ይተርፈዋል። ይህ ሁሉ ሙቀት የሚገባው ጥቂት የብረት ከበሮዎች ውስጥ ነው። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፤ ታምቡር ሲሰፋ ደግሞ ከሸራው ይሸሻል። ሾፌሩ ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር ወደ ወለሉ እየቀረበ ይሄዳል። ሸራው ሲቃጠል ፊቱ እንደ መስተዋት ያብረቀርቅና መያዙን ይተዋል፤ የሚመጣው ሽታ ከድምፁ ይቀድማል። "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" የሚባለው የሾፌሮች ሕግ ከዚህ የመጣ ነው፤ ሞተሩ መኪናውን ሲይዘው ፍሬኑ ይተነፍሳል።

የዚያ ዘመን ረዳት ሥራው ሒሳብ መቀበልና ጭነት ማሰር ብቻ አልነበረም። ታኮ ይዞ ከኋላ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ታኮ የሚባለው ጎማ ሥር የሚወሸቀው ጠርብ ወይም ድንጋይ ነው፤ እሱም ከጣሊያንኛ የመጣ፣ የጫማ ተረከዝ የሚለውን ቃል የያዘ ስም ነው። መኪናው ቆሞ ወደ ኋላ ሊንሸራተት ሲል ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ይወሽቃል። ለጎማው ከሁሉም ይቀርባልና ድምፁንም ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። ሾፌሩ በሞተር ጩኸት ታፍኖ መሪ ላይ ሳለ "አቁም! የኋላ ቀኝ ይፋጫል!" የሚለው ከኋላ የተንጠለጠለው ልጅ ነበር። ብዙ መካኒክ የወጣው ከረዳትነት መሆኑ አያስገርምም። ጆሮው በነፃ ሠልጥኖ ነው የመጣው።

የጋለ ታምቡር ላይ ውኃ መድፋት ክልክል የሆነበትን ምክንያትም ሾፌሮቹና ረዳቶቹ ያኔ ነው በኪሣራ የተማሩት። ቀልጦ በቅርጽ የተሠራ ብረት ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ለዓይን ላይታይ ይችላል።

በደርግ ዘመን ላዳ መጣች። ላዳ ለፍሬን ታሪክ አስቂኝ ቀልድ የያዘች መኪና ናት። እናቷ ፊያት 124 ስትሆን፣ እሷ አራቱም ጎማ ላይ ዲስክ ፍሬን ነበራት፤ ለዚያን ጊዜ ቅንጦት ነው። ሶቪየቶች ፈቃዱን ገዝተው ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በራሳቸው ፋብሪካ ሲሠሯት ግን የአገራቸው መንገድ ጭቃና ጠጠር ዲስኩን እንደሚበላው አይተው የኋላውን ወደ ታምቡር መለሱት። እንዲህ ወደ ኋላ የተመለሰው ፍሬን ለወሎ መንገድ የሚስማማው ሆነ። ይሁንና የላዳ ታምቡር ከላይ አሉሚንየም፣ ከውስጥ የብረት ቀለበት ነው። በብረት ታምቡር ላይ ጆሮውን ያሠለጠነ መካኒክ እዚህ ላይ ትምህርቱን እንደገና መጀመር ነበረበት፤ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ ሌላ ነው።

ሲመታ? አዎ፣ ይመታል።

ኮምቦልቻ ውስጥ በማንኛውም ጋራዥ በማንኛውም ቀን የሚሰማ ዓይነት ንግግር ይህን ይመስላል። ከደሴ የወረደ ሚኒባስ ይቆማል፤ ወጣቱ ሾፌር ይወርዳል።

"ጋሼ፣ የኋላ ጎማዬ ይጮህብኛል።"

"ስትይዝ ነው ስትለቅ?"

"ስይዝ ነው፤ አንዳንዴ ሳልይዝም።"

"ወደ ኋላ ስትነዳውስ?"

"ወደ ኋላስ... የሚጠፋ መሰለኝ።"

"መሰለኝ አትበለኝ፣ ልጄ። ሂድና ሞክረህ ና።"

ሽማግሌው መካኒክ እንዲህ የሚለው ልጁን ለማንገላታት አይደለም። በታምቡር ውስጥ ካሉት ሁለት ሸራዎች አንዱ ከጎማው መሽከርከር ጋር አብሮ እየተጎተተ ራሱን ያጠብቃል፤ ሌላው እየተገፋ ይላላል። መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ ሥራቸውን ይለዋወጣሉ። ጩኸቱ ወደ ፊት ብቻ ከሆነ የትኛውን ሸራ አስቀድሞ እንደሚያይ መካኒኩ ጎማ ሳይፈታ አወቀ ማለት ነው። "ሳልይዝም ይጮሃል" የሚለው ደግሞ ሌላ በር ይከፍታል። ምናልባት የእጅ ፍሬኑ ገመድ ዝጎ ሸራውን አልለቅ ብሎት ይሆናል፤ ያኔ ከጉዞ በኋላ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቃል፣ እጅ ቀረብ በማድረግ ይታወቃል። ምናልባትም ፍሬኑ አይደለም፣ ኩሽኔታው ነው። ኩሽኔታ ፍሬን ተያዘ አልተያዘ ግድ የለውም፤ እንደ ንብ ያጉረመርማል፣ መታጠፊያ ላይ መኪናው ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ድምፁ ይለወጣል። ይህን ሳይለዩ ሸራ የቀየሩ ስንቶች አሉ!

ልጁ ሞክሮ ተመለሰ። የፊት ጎማ ታኮ ተደረገበት፣ የእጅ ፍሬኑ ተለቀቀ፣ ክሪክ ገባ። ሽማግሌው ጎማውን በእጁ ቀስ አድርጎ አሽከረከረና ጆሮውን አስጠጋ። ሸር... ሸር... ሸር። በየዙሩ አንድ ጊዜ፣ እዚያው ቦታ ላይ። ይህ ማለት ታምቡሩ ክብነቱን አጥቷል፤ እንቁላል ሆኗል። ጎማው ወለቀ፣ ክዳኑ በመዶሻ ዙሪያውን ቀስ በቀስ እየተመታ ወጣ። ከዚያ ታምቡሩን በጣቱ አንጠልጥሎ በመዶሻው ጫፍ ነካ አደረገው።

ገበያ ወርዳ እንስራ የምትገዛ ሴት የምታደርገውን አስቡ። እንስራውን ከፍ አድርጋ በጣቷ አንጓ ኳ ታደርገዋለች። ጤነኛ ሸክላ ይጠራል፤ ድምፁ ይቆያል። ስንጥቅ ካለው ድፍን ብሎ እዚያው ይሞታል። ታምቡርም ይኸው ነው። ጤነኛው ደወል ነው፣ የተሰነጠቀው እንጨት። የባቡር ሠራተኞች በየጣቢያው በመዶሻ ጎማ እየመቱ የሚያዳምጡትም ለዚሁ ነበር። የባቲና የአምባሰል ቅኝት የተሰየሙበት፣ መንዙማው በድቤ የሚታጀብበት አገር ሰው የተሰነጠቀ ከበሮ ለመለየት ትምህርት ቤት መግባት ነበረበት ብሎ ማመን ይከብዳል፤ ይህ ግን የጸሐፊው ግምት ነው።

የሚኒባሱ ታምቡር ደወለ። አልተሰነጠቀም። ውስጡ ግን ሌላ ነገር ተገኘ፤ ሸራው አልቆ የሪቬቶቹ ራስ ብቅ ብሏል፣ የታምቡሩንም ግድግዳ እንደ ማረሻ እየሰነጠረ ትልም አውጥቶበታል። መፋጨቱ ከዚህ፣ ሸር ማለቱ ከክብነቱ መዛባት ነበር። አዲስ ሸራ ብቻ ቢገባ ትልሙ በጥቂት ወር ይበላዋል። ታምቡሩ ቶርኖ ቤት ሄዶ መፋቅ አለበት።

ቶርኖውም ተንኮል አያጣም። ቶርነሪው ቸኩሎ ምላጩን በፍጥነት ካስኬደው የታምቡሩ ግድግዳ ላይ እንደ ብሎን ጥርስ የተጠማዘዘ ስስ መስመር ይቀራል። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ሸራው ያንን ጥርስ ተከትሎ ወደ ጎን ይሳባል፣ የሞላው ጉልበት ሲበዛበት ድንገት ተመልሶ ከኋላው ሳህን ጋር ይጋጫል። ቋ! ለስለስ አድርጎ በያዘ ቁጥር ቋ! ዕቃው ሁሉ አዲስ፣ ሸራው አዲስ፣ ሞላው አዲስ፤ ድምፁ ግን አለ። ባለቤቱ መካኒኩን ሌባ ይለዋል፣ መካኒኩ መለዋወጫውን ቻይና ነው ይላል። ጥፋቱ የሁለቱም አይደለም፤ ታምቡሩን እንደገና ቀስ ብሎ መፋቅ፣ ወይም በብርጭቆ ወረቀት መስመሩን አቋርጦ መሻር ይበቃል። ይህን የሚያውቅ መካኒክ ሲገኝ ስልክ ቁጥሩ ከሾፌር ሾፌር ይተላለፋል።

ከሁሉ ቀላሉ ጩኸት ኮምቦልቻ የምታመጣው ነው። የደረቅ ወራት አቧራ ከሸራው ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ታምቡሩ ውስጥ ይከማችና ፍሬን ሲያዝ ሲጢጥ ያሰኛል፤ ጎማ ተፈትቶ ሲጸዳ፣ ሸራው የሚንሸራተትባቸው ነጥቦችም ሙቀት የሚችል ግራሶ ሲነካቸው ይጠፋል። ስለዚህ ያው መኪና ደሴ ላይ በዝገት ይጮሃል፣ ኮምቦልቻ ላይ በአቧራ። የሁለቱን ከተሞች አየር በአንድ ጎማ ውስጥ ማዳመጥ ይቻላል። ዱቄቱን በኮምፕረሰር እፍ ማለት ግን የቆየና መጥፎ ልማድ ነው። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ አለበት፤ አስቤስቶስ ደግሞ ዓመታት ቆይቶ የሳንባ ካንሰር የሚያመጣ ነገር ነው። እርጥብ ጨርቅ ርካሽ ነው።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ አሰብ ተዘጋ። ኤንትሬዎቹ ያኔ አርጅተው ነበር፤ መስመሩም ከነሱ ጋር ያረጀ መሰለ። ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ከሚሌ በባቲ የሚወጣው መንገድ ግን ኮምቦልቻን አልተዋትም፣ ደረቅ ወደብም ተሠራላት። በፊያት ቦታ አይሱዙ ኤፍ ኤስ አር መጣ፤ እሱን ተከትሎ ሕዝብ "ቀይ ሽብር" ያለው ሲኖትራክ፤ አገር ውስጥ ቦዲ የተገጠመለት ቅጥቅጥ አውቶቡስም። በከተማው ውስጥ ባጃጅ ፈላ፤ ሦስቱም ጎማው ታምቡር ነው። ዶልፊንና አባዱላ የሚባሉት ሚኒባሶች ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ይዘው ሐረጎን ይመላለሳሉ። ስለዚህ ዘመናዊው ዲስክ ታምቡርን ገና አላባረረውም፤ ወደ ኋላ ወንበር ነው የላከው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ሲከለክል የኤሌክትሪክ መኪናው ተራ ደረሰ። አዲስ አበባን ከሞሏት አንዱ ቮልስዋገን አይዲ 4 ነው፤ ከኋላው ቢታይ ታምቡር አለው። ረስተውት አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ይይዘውና የተያዘው ጉልበት ተመልሶ ባትሪ ውስጥ ይገባል፤ የኋላ ፍሬን ሥራ ይፈታል፣ ሥራ የፈታ ዲስክ ደግሞ በእርጥበት ይዝጋል። የተከደነው ታምቡር ሳይነካ ይቆያል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ሐረጎን 600 ሜትር ሲወርድ ፍሬኖቹ ያቃጥሉት የነበረው ጉልበት ከሦስት ኪሎ ዋት ሰዓት ይበልጣል፤ ሁሉም ባይሆን ብዙው ወደ ባትሪው ይመለሳል። የድሮ ኤንትሬ ሾፌር ይህን ቢሰማ በሞተር መያዝ የሚባለውን ሕግ ቴክኖሎጂ አደረጉት ብሎ ይስቅ ነበር።

ጋራዥ ውስጥ ግን አንድ ያልታሰበ ነገር መጥቷል። እነዚህ መኪናዎች ሞተራቸው ዝም ያለ ነው። ድሮ በናፍጣ ጩኸት ተውጠው የሚቀሩት ትንንሾቹ ድምፆች፣ የላላ ሞላ ንቅንቅታ፣ የሸራ ጫፍ ሲር ማለት፣ የጠጠር ቅንጣት ኳ ማለት፣ ሁሉም አሁን ጥርት ብለው ጋቢና ውስጥ ይሰማሉ። ባለ መኪናው ደንግጦ ይመጣል። ሽማግሌው መኪናው መጥፋቱንና መነሣቱን ለመለየት ዳሽቦርዱን አየት ያደርጋል፤ ከዚያ "እስቲ ቀስ ብለህ ንዳው" ይልና መስኮቱ ተከፍቶ አብሮ በእግሩ እየሄደ፣ አንገቱን ወደ ኋላው ጎማ አዘንብሎ ያዳምጣል።